ኔትወርክ የለም

በሙያዬ ቆጣሪ ነኝ። ኮከብ ቆጣሪ ማለቴ አይደለም፤ ገንዘብ ቆጣሪ። መርካቶ ውስጥ ካሉት የባንክ ቅርንጫፎች በአንዱ፣ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ከጧት እስከ ማታ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን ሌላ ቆጠራ እጀምራለሁ፤ የስንኝ ቀለም እቆጥራለሁ። አንዱ ቆጠራ ደመወዝ አለው፤ ሌላው የለውም። በሁለቱም ግን ብሳሳት የሚጎድለው ከእኔ ነው።

ይህን ሁሉ ስቆጥር የኖርሁ ሰው፣ በቀን ስንት ጊዜ «ኔትወርክ የለም» እንደምል ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ሁለት ቃል ናት፤ ነገር ግን እንደ እርስዋ ብዙ በር የሚዘጋ ቃል በባንክ ቤት የለም። «ገንዘብ የለም» ብንል ሰው ይደነግጣል። «አልሰጥም» ብንል ይከሰናል። «ኔትወርክ የለም» ስንል ግን ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ወንበር ይፈልጋል። በሰዋስው ብንሄድ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ኔትወርክ ነው፤ ኔትወርክ ደግሞ አይጠየቅም፤ አይወቀስም፤ መልክም የለው። እኔም ከኋላው እሸሸጋለሁ።

በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ይህችኑ ዐረፍተ ነገር ከመስታወቱ በዚያ ወገን ቆሜ ሰማኋት። ወዳጄ አንባቢ፣ የምተርክልህ ይህንኑ ነው። ነገሩ የአንድ የመብራት ቆጣሪ ጉዳይ ነው፤ ከቆጣሪው ግን አልፎ ወደ እኔ መጣ።

ቤታችን አባ ኮራን ሰፈር ነው። ሌሊት ተነሥቶ ላዳመጠ ሰው ከወዲያ የአንዋር መስጊድ አዛን፣ ከወዲህ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የሚሰማበት ሰፈር። መርካቶ ራሱ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ገዢዎቹ የአራዳን የጊዮርጊስ ገበያ ከሐበሻው ጋር ወደ ምዕራብ ገፍተው እዚህ አሰፈሩት። ጣልያን ሄደ፤ ስሙ ቀረ፤ ገበያው ደግሞ ከስሙ በላይ ገዘፈ። ዛሬ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሚሊታሪ ተራ እያለ ሁሉን በተራ በተራ አስቀምጦ፣ በመካከሉ ደግሞ ማንንም በተራው የማያሳልፍ ገበያ ነው።

የምንኖርበት ግቢ የቀበሌ ቤት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ሲያደርግ፣ የአንድ ሰው የነበረ ግቢ ለብዙ ሰው ተከፋፈለ። የእኛም እንዲሁ። አንድ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አራት ቤተ ሰብና አንድ የመብራት ቆጣሪ። በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ያደገ ሰው የጋራ ቆጣሪ ማለት ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ወር በደረሰ ቁጥር የሚወጣው ወረቀት ላይ አንድ ስም አለ፤ ከስሙ ሥር አንድ ድምር አለ፤ ከድምሩ ሥር ደግሞ አራት ቤት ሙሉ ጠብ አለ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። እኔን በባችለር ዲግሪ ያስመረቀችኝ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ እንደ አምፖል የዋህ አይደለም፤ ሲሞቅ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል የሚያህል ኃይል ይስባል። ጎረቤታችን ሐጃ በበኩሏ ሁለት ፍሪጅ አላት፤ ለገበያተኛው ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ትሸጥበታለች። ለብዙ ዓመት ሳይነካ የኖረው የመብራት ታሪፍ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. እስኪሻሻል ድረስ፣ ምጣዱም ፍሪጁም በአንድ ቆጣሪ ላይ በሰላም ይኖሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሒሳቡ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፅም ከፍ እያለ ሄደ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የታሪፍ ጭማሪ ሲጀምር፣ ሐጃ በረንዳዋ ላይ ቆማ «የሰው ምጣድ እኔ አልከፍልም!» አለች። እናቴም «የሰው ፍሪጅ እኔ አላበርድም!» ብላ መለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት አብረው የጠጡት ቡና ተቋረጠ።

በዚያ በጋራ ቆጣሪ ዘመን አንድ ሰው በየወሩ ይመጣ ነበር፤ ቆጣሪ አንባቢው። በሩን አንኳኩቶ «ቆጣሪ!» ይላል። እኛ ልጆች የሰውየው ስም ቆጣሪ ይመስለን ስለነበር «ጋሽ ቆጣሪ» እንለው ነበር። ባትሪውን አብርቶ፣ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አንብቦ ይጽፋል። ጮክ ብሎ ማንበቡ ለካ ጥበብ ኖሯል፤ አራቱም ቤት እንዲሰማ ነው። ቡና ከደረሰ ይቀመጣል። አንዳንዴ የሐጃና የእናቴን ክርክር ሰምቶ «እኔ የማነበው ስንት እንደነደደ ነው እንጂ ማን እንዳነደደው አይደለም» ይላል። ይህን አነጋገሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ግን የተመኘነው መጣ። ለየቤታችን ቆጣሪ ተለየልን፤ ያውም ዘመናዊ ቆጣሪ፤ ሰዉ «ስማርት» የሚለው። አስቀድሞ የሚከፈልበት፣ አንባቢ የማያሻው፣ በራሱ አንብቦ በራሱ የሚናገር። እናቴ ዕለቱን ጠላ ባትጠምቅም ልቧ ድግስ ደግሷል። «ከእንግዲህ የእኔ ምጣድ የእኔ፣ የእርሷ ፍሪጅ የእርሷ» አለች።

የዚህ ዓይነቱ ቆጣሪ ሁለት ሥራ አለው፤ መቁጠርና መናገር። ሲቆጥር ማንንም አይሻም፤ የገባውን ኃይል በኪሎ ዋት ሰዓት ይለካል፤ በማኅደሩም ይይዛል። ለመናገር ግን መንገድ ያስፈልገዋል። የእኛው ዓይነት በሆዱ እንደ ሞባይል ስልክ ሲም ካርድ የያዘ መገናኛ አለው፤ በዚያ በኩል ንባቡን ይልካል፤ በዚያው በኩል የተገዛለትን ኃይል ይቀበላል። ሰው በስልኩ ይከፍላል፤ ክፍያው በአየር ተጉዞ ቆጣሪው ዘንድ ይደርሳል፤ መብራቱ ይቀጥላል። እንዲህ ሲነግሩኝ፣ የስንኝን ያህል የተመጠነ ነገር ነው ብዬ አደነቅሁ።

የሐጃ ቆጣሪ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የእኛ ግን ወደ ውስጥ፣ በቤታችን ጓሮና በጎረቤት በሚሠራው ፎቅ መካከል ባለች ሰው ጎኑን አዙሮ በሚያልፍባት ቀጭን መተላለፊያ፣ በብረት ሣጥን ውስጥ ገባ። ለደኅንነቱ ነው፤ በመርካቶ ከቤት ውጪ ያደረ ብረት በማግስቱ ምናለሽ ተራ ይገኛልና። መጀመሪያ ደካማ ቢሆንም ይሠራ ነበር። በዐቢይ ጾም ውስጥ ግን ፎቁ ከፍ አለ፤ ዙሪያውም በቆርቆሮ ታጠረ። ቆጣሪያችን ከዚያ በኋላ መቁጠሩን አልተወም። መስማቱን ግን ተወ።

አሁን ወደ ፋሲካ ልምጣ።

ሚያዝያ 9 ቀን፣ ጸሎተ ሐሙስ። ማግሥቱ ስቅለት ስለሆነ ባንክ ዝግ ነው፤ ሰዉ ተጨናንቋል። ከሰዓት በኋላ ግንኙነቱ ተቋረጠ። እኔም መደበኛ ዐረፍተ ነገሬን ማደል ጀመርሁ። ከሰልፉ መካከል አንዲት እናት መጣች። የቁጠባ ደብተርዋን በነጭ መሐረብ ጠቅልላ ይዛለች። ልጇ ከዓረብ አገር የላከላት ገንዘብ ገብቶላታል፤ ሌሊት ተነሥታ ከአውቶቡስ ተራ ወደ አገሯ ልትሳፈር ነው።

«ኔትወርክ የለም፣ እናቴ» አልኋት።

«መቼ ይመጣል፣ ልጄ?»

«አይታወቅም። ካልሆነ ቅዳሜ ይምጡ።»

«ቅዳሜ እኔ የት ነኝ?» አለች። ጥያቄው ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱ ሲደርስ ጥበቃው በሩን ሊዘጋ ተነሣ፤ እርሷም ደብተሩን መልሳ ጠቀለለችው፤ ወጣች።

ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። ልዩ የሚያደርገው እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በእግር ዐሥር ደቂቃ የማያስኬድ ሌላ ቅርንጫፍ በዚያች ሰዓት እየሠራ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ ሲያነጋግራቸው ሰምቻለሁ። «እናቴ፣ ተነሡ፣ በዚህ ይሂዱ» ማለት ይበቃ ነበር። አላልሁም። ክፋት አልነበረብኝም፤ እርሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አይቻት ነበር። እኔ ግን ሒሳብ ልዘጋ ነበርና ዓይኔ ከኮምፒዩተሩ አልተነሣም።

በማግሥቱ ስቅለት ሆነ። እናቴ ስትሰግድ ውላ፣ ጉልበቷን ይዛ ገባች። ለቅዳሜ ቀን የታዘዘ ሰባ እንጀራ ነበረባት። ሊጡ በቡሖቃው ተነሥቶ ደርሷል፤ አብሲቱም ገብቷል። ሊጥ ደግሞ እንደ ባንክ ደንበኛ አይደለም፤ «ነገ ና» አይባልም፤ ቀኑ ካለፈ ይሖመጥጣል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ምጣዱን አሰሰች፤ ጀመረች። ስድስተኛውን እንጀራ አክንባሎ እንደከደነችበት ቤቱ ጨለመ።

ቆጣሪው የተገዛለትን ጨርሷል። እኔ አልደነገጥሁም። ስልኬን አወጣሁ፤ ከፈልሁ፤ «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል መልእክት መጣልኝ። ጠበቅን። አምስት ደቂቃ። ዐሥር ደቂቃ። በዚያች ቀጭን መተላለፊያ በጎኔ ገብቼ የብረት ሣጥኑን ከፈትሁ። የቆጣሪው መስታወት በትንሽ ምልክት መገናኛ እንደሌለው ይናገራል። ስልኬንም አየሁት፤ በዚያች ቦታ እርሱም አንድ መስመር እንኳ የለውም። ከፍ አደረግሁት፤ ዝቅ አደረግሁት፤ እንደ ጠበል ቤት ጧፍ ዙሪያውን አዞርሁት። የለም።

ያን ጊዜ የገባኝን ነገር የባንክ ሰው ካልሆነ በቶሎ አይረዳውም። ገንዘቡ ከእኔ ዘንድ ወጥቷል፤ ከእናቴ ዘንድ ግን አልደረሰም። መካከል ላይ ነው። በሥራዬ ስንቱን ሰው «አይጨነቁ፣ ገንዘቡ መካከል ላይ ነው፣ ይመለስልዎታል» ብዬ ሸኝቻለሁ! ጨለማ ውስጥ፣ ምጣዱ እየቀዘቀዘ፣ «መካከል» ማለት የት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። መካከል የትም አይደለም።

ከሐጃ ቤት ገመድ መሳብ አሰብን። እናቴ ግን እንቢ አለች። በዚያው ዓመት ጥቅምት 11 ቀን በሸማ ተራ የደረሰውን የእሳት አደጋ ሁላችንም አስታወስን፤ ያን ምሽት ሰማዩ ቀልቶ ያየነው ከበራችን ቆመን ነው። ምጣድ በቀጭን ገመድ ላይ ማንጠልጠል በዚህ ሰፈር እሳት መጥራት ነው። ደግሞስ ከሐጃ ማን ይለምናል? ስድስት ወር ሙሉ ሰላምታ የለም።

ሳይለመን መጣ። ሐጃ በሩ ላይ በባትሪ ቆማለች። የጨለመውን ቤትና የተከመረውን ሊጥ አየች። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሊጡን አምጪው እንጂ!» አለች። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ምጣድሽ ዘይት የለመደ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ከስድስት ወር በኋላ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። «የእኔ ምጣድ ከአንቺ ምጣድ ይሻላል!» አለች ሐጃ። ቡሖቃውን እኔ ተሸከምሁ። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንዷ ስትጋግር ሌላዋ በሰፌድ እያወጣች፣ ሰባው ሞላ። ለነደደው ልክፈል ብትል ሐጃ ተቆጣች። ልብ በል፣ አንባቢ፤ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሳሉ በሳንቲም የተጣሉ ሰዎች፣ ቆጣሪያቸው ከተለየ በኋላ አንዷ የሌላዋን ሌሊት ከፈለች።

ቅዳሜ ጧት ከሥራ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድሁ። ሰልፍ። ወንበር። መስታወት። ከመስታወቱ ጀርባ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ። ተራዬ ሲደርስ የቆጣሪውን ቁጥር ሰጠኋት፤ መታችው፤ ቀና ብላም «ክፍያዎ ገብቷል፣ ወንድሜ። ቆጣሪዎ ግን አይመልስም። እዚያ ቦታ ኔትወርክ የለም» አለችኝ።

አፌ ደረቀ። ቃሏ ቃሌ ነው። ድምፅዋም ድምፄ ነው፤ ያ ለስላሳ፣ ያ የደከመ፣ ያ በሩን ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ድምፅ። ልወጣ ዞርሁ። አንገቴን እንደ ደንበኛ ደፍቼ ነበር።

«ቆይ እንጂ!» አለችኝ። ከጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ወረቀት አነሣች፤ ከኮምፒዩተሩ እያየች ሃያ አኃዝ ጻፈች፤ በአራት በአራት ከፋፍላ። «ይህን በቆጣሪው ቁልፍ ላይ እርስዎ ራስዎ ይምቱት። ኔትወርክ አያስፈልገውም። አንድ አኃዝ እንዳይስቱ» አለች። ይኸው ነው። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም። እኔ ሐሙስ ዕለት የነፈግሁት ግማሽ ደቂቃ።

ቤት ስደርስ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣትን ቀጤማ በራሷ አስራ ቆማለች። ሦስታችን በዚያች ቀጭን መተላለፊያ ተደርድረን ገባን፤ ሐጃ በስልኳ ታበራለች፣ እናቴ አኃዙን ትጠራለች፣ እኔ እመታለሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ዐሥራ አራተኛው ላይ ሳትሁ። በሁለተኛው እናቴ እያንዳንዱን አኃዝ እንደ መቁጠሪያዋ ፍሬ በጣቷ እየያዘች፣ ቀስ ብላ፣ ጮክ ብላ አነበበችው። ጋሽ ቆጣሪ ትዝ አለኝ። ሃያኛውን መታሁ። ከቤት ውስጥ የሬዲዮው ድምፅ ተሰማ።

ከበዓሉ በኋላ አንድ የቴክኒክ ባለሙያ መጥቶ ነገሩን አስረዳኝ። ቆጣሪው አልተበላሸም፤ የታፈነ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ብረት አያልፍም፤ ሣጥኑ ብረት፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ፎቁ በውስጡ ፌሮ የታሰረበት ሲሚንቶ ነው። ማይክል ፋራዳይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1836 አንድ ክፍል በብረት ወረቀት ለብጦ፣ ከውጪ የሚለቀቅ ኤሌክትሪክ ወደ ውስጥ እንደማይዘልቅ አሳይቷል። ከቆርቆሮ የተሠራው መርካቶ እንግዲህ በየጓዳው የፋራዳይ ክፍል አለው ማለት ነው። መድኃኒቱ አንቴናውን በሽቦ ከሣጥኑ ማውጣት፣ ወይም ሣጥኑን ራሱን ወደ መንገድ ማዛወር ነው። የእኛን አንቴና ወደ ላይ አወጣው፤ አንዳንድ ቀን ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት በኋላ ሳነብ ነው። በእንግሊዝ አገር እንኳ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዘመናዊ ቆጣሪዎች ንባባቸውን መላክ እያቃታቸው እንደ አሮጌ ቆጣሪ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ወፍራም ግድግዳና ምድር ቤት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ስለ ሃያ አኃዙም አነበብሁ። በደቡብ አፍሪቃ አድጎ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተው ባለ ሃያ አኃዝ ስልት በእያንዳንዱ ቁጥር ውስጥ ደቂቃ ይሸሽጋል፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይሠራ። ደቂቃዎቹ ከ1993 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሲቆጠሩ ኖረው፣ ቦታው ከ16,777,216 በላይ ስለማይዝ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሞሉ። በስልቱ የሚሠሩ ቆጣሪዎች ቆጠራውን እንደ አዲስ እንዲጀምሩ ልዩ ቁጥር እየተመታ ተቀሰቀሱ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ቆጣሪም ዕድሜ አለው ለካ» አለች።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ እናቴና ሐጃ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አዩ። እናቴ ከእንጀራዋ ቆጥባ የገዛችውን የቦንድ ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱስዋ ውስጥ አውጥታ ታሳያለች። 5,150 ሜጋ ዋት። እኔ ግን ያን ሁሉ ውኃ እያየሁ የማስበው ስለ መጨረሻዋ ክንድ ነበር። ኃይል ከጉባ ተነሥቶ ተራራውንና ቆላውን በሽቦ ተሻግሮ መርካቶ ይደርሳል፤ ክፍያው በአየር ይመጣል፤ ከዚያ በአንዲት ክንድ ብረት ፊት ይቆማል። የዚያች እናት ገንዘብም ባሕር ተሻግሮ፣ አገር አቋርጦ መጥቶ የቆመው በአንዲት ክንድ መስታወት ፊት ነው። ሩቁን መንገድ ሽቦውም ሞገዱም ይወጡታል። የመጨረሻዋን ክንድ የሚሻገራት ግን የሰው እጅ ነው፤ ሃያ አኃዝ የሚጽፍ እጅ፣ ቡሖቃ የሚሸከም እጅ፣ «በዚህ ይሂዱ» ብሎ የሚያመለክት እጅ።

ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። በአካባቢው ያሉ ቅርንጫፎች ስምና ስልክ ተጽፎበታል። ግንኙነት በተቋረጠ ቁጥር እደውላለሁ፤ የሚሠራውን እጠይቃለሁ፤ መንገዱን እያመለከትሁ ሰው እሸኛለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም። ለዚያች እናትም አልደረሰላትም።

ከበዓሉ በኋላ ተመልሳ መጥታ ይሆን? ገንዘቧንስ ወስዳ ይሆን? አላውቅም። ብትመጣም አላውቃትም። ነጩን መሐረብ አስታውሳለሁ፤ የደብተሩን ጥግ አስታውሳለሁ፤ «ቅዳሜ እኔ የት ነኝ?» ያለችበትን ድምፅ አስታውሳለሁ። ፊቷን ግን አላየሁትም ነበርና አላስታውሰውም። በዚያ ዕለት ማታ ሒሳቤን ስዘጋ አንድ ሳንቲም አልጎደለብኝም። ጉድለቱን ያገኘሁት ከሁለት ቀን በኋላ፣ በሌላ ሰው መስታወት ፊት ቆሜ ነው።

ብር ስቆጥር ውዬ፣ ቃል ስቆጥር አምሽቼ፣
ሒሳቤ ጎደለ፣ የአንድ ሰው ፊት ረስቼ።
ለቤቱ ቆጣሪ ቁጥር ተገኘለት፤
እኔ ያችን እናት የት ላግኛት፣ በምን ዕለት?